ሐር ሸማኔው ዶሎንድና የዓይናችን ጉድለት

ዕድሜዬ ሃምሳን ከተሻገረ ወዲህ ከመነጽር ጋር ተቆራኝቻለሁ። ሰሞኑን ዓይኔን ስመረመር በቀይና በአረንጓዴ መደብ ላይ የተጻፉ ፊደላት ቀርበውልኝ የትኞቹ ጎልተው እንደሚታዩኝ ተጠየቅኩ። ምርመራው የተመሠረተው በዓይን ጉድለት ላይ ነው። ዓይናችን ቀለማትን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አይሰበስብም፤ አረንጓዴው ከቀዩ ቀድሞ ይሰበሰባል። ይህም የጆን ዶሎንድን ታሪክ አስታወሰኝ።

ዶሎንድ እ.ኤ.አ. በ1706 ለንደን ውስጥ ከፈረንሳይ ከተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ቤተሰብ ተወለደ። መተዳደሪያው ሐር ሽመና ሲሆን ሒሳብና የብርሃን ሳይንስን ያጠናው በትርፍ ጊዜው ነበር። በ1752 ሽመናውን ትቶ ከልጁ ከፒተር ጋር በመነጽርና በቴሌስኮፕ ሥራ ተሰማራ።

በዚያ ዘመን ቴሌስኮፕ የሚያሳየው ነገር ሁሉ ጠርዙ ላይ ቀለም ይታይበት ነበር። ታላቁ ኒውተን ይህ በሌንስ አይታረምም የሚል አቋም ነበረው። ኦይለር በ1747 ዓይን በውስጡ ያሉትን ልዩ ልዩ ፈሳሾች አጣምሮ ቀለሙን ስለሚያርም እኛም እንችላለን ሲል ተከራከረ። ዶሎንድ መጀመሪያ ለኒውተን ጥብቅና ቆመ። ኋላ ግን ራሱ ሞከረ፤ ሁለት ዓይነት ብርጭቆ አጣምሮም ቀለሙን አስወገደ። በ1758 የፈጠራ መብትና የሮያል ሶሳይቲን የኮፕሊ ሜዳሊያ አገኘ። በ1761 ዐረፈ።

የሕግ ሰው ነኝና ሙግቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቼስተር ሙር ሆል የተባለ ጠበቃ ተመሳሳዩን ሌንስ ከ20 ዓመታት በላይ ቀድሞ አሠርቶ ነበር። ይሁንና በ1766 ፒተር በመሠረተው ክስ ፍርድ ቤቱ የዶሎንድን መብት አጸና፤ ተጠቃሚ መሆን ያለበት ቆልፎ ያስቀመጠው ሳይሆን ለሕዝብ ያወጣው ነው በማለት።

የሚገርመው የኦይለር መነሻ ስህተት መሆኑ ነው። ዓይን ቀለማትን አያርምም። በሚታየው ብርሃን ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 2 ዳይኦፕተር ይጠጋል። ከዚያ ወዲህ ጉድለቱ በልዩ ሌንስ ታርሞ ሲሞከር የእይታ ጥራት የተሻሻለው በመጠኑ ብቻ ነው። ዓይን በዋናነት የሚያየው በመካከለኞቹ ቀለማት ነውና፤ ሰማያዊውንም በረቲና መሐል ያለው ቢጫ ቀለም ይቀንሰዋል። የዓይን ሌሎች ግድፈቶች አብረው ሲታረሙ ግን ለውጡ ጎላ ይላል።

በእኛ ሙያ ውሳኔው ትክክል፣ ምክንያቱ ስህተት የሆነ ፍርድ ያጋጥማል። የኦይለርም እንዲሁ ነበር። ዶሎንድን የማከብረው ግን በሌላ ነው። የተሟገተለት ታላቅ ሰው መሳሳቱን በገዛ እጁ ሲያረጋግጥ አቋሙን ለወጠ። እኛስ ስንቶቻችን እንደፍረዋለን?