ካኒሽካ፤ ከስደተኞች ዘር የተገኘው የህንድ ንጉሠ ነገሥት

በጥንታዊት ህንድ ታሪክ ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚነሣ ነገሥታት አንዱ ካኒሽካ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ታላቅ ንጉሥ በትውልዱ ህንዳዊ አልነበረም። የአንድ ሕዝብ ማንነት በአጥንት ቈጠራ ብቻ ይታወቃልን? ብለው ለሚጠይቁ ወጣቶች የዚህ ሰው ታሪክ ብዙ የሚያስተምረው ስላለ፣ ዛሬ ባጭሩ እናቀርበዋለን።

የካኒሽካ አባቶች በዛሬዋ ቻይና ሰሜን ምዕራብ፣ በጋንሱ አካባቢ ከብትና ፈረስ እያረቡ የሚኖሩ ዘላኖች ነበሩ። የቻይና ታሪክ ጸሐፊዎች ዩኤዢ ይሏቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ሺዮንግኑ የሚባሉ ብርቱ ጠላቶች ተነሥተው ድል አደረጓቸው፤ ንጉሣቸውንም ገደሉባቸው። መዛግብቱ እንደሚተርኩት የጠላት አለቃ የሟቹን የራስ ቅል የመጠጥ ዋንጫ አደረገው። የተረፈው ሕዝብ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ምዕራብ ተሰደደ፤ በመጨረሻም በአሙ ዳርያ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ባክትሪያ በተባለው አገር ሰፈረ። ባክትሪያ የዛሬው ሰሜን አፍጋኒስታን ነው። በዚያም ሕዝቡ በ5 አለቆች ተከፋፍሎ ሲኖር፣ የኩሻን ወገን አለቃ የሆነው ኩጁላ ካድፊሴስ ሌሎቹን 4 አስገብሮ መንግሥት አቆመ። ኩሻን የሚለው ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ከሚነገረው ከኩሽ ጋር ቢመሳሰልም፣ ምንም ዝምድና የለውም።

ካኒሽካ የዚህ የኩጁላ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ዙፋን የያዘበት ዓመት ሊቃውንትን ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ ዛሬ አብዛኞቹ በፈረንጅ አቆጣጠር 127 ዓ.ም. እንደሆነ ይቀበላሉ። ግዛቱ ከአሙ ዳርያ ተነሥቶ እስከ ጋንጀስ ወንዝ ሸለቆ ይደርስ ነበር። ከዋና ዋና ከተሞቹ አንዷ ዛሬ በፓኪስታን የምትገኘው ፔሻዋር፣ ሁለተኛዋ በሰሜን ህንድ ያለችው ማቱራ ነበሩ።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. በአፍጋኒስታን ራባታክ በተባለ ስፍራ የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ የዚህን ንጉሥ አሳብ ገልጦልናል። በጽሑፉ ላይ ካኒሽካ የቅድመ አያቱን፣ የአያቱንና የአባቱን ስም በተራ ይቈጥራል፤ ትውልዱን አልሸሸገም። ከዚህም ሌላ አዋጁን አስቀድሞ በግሪክ ቋንቋ ካወጣ በኋላ፣ አርያ ብሎ ወደሚጠራው ቋንቋ እንደመለሰው ይናገራል። ግሪክኛ ከታላቁ እስክንድር ዘመን ጀምሮ በዚያ አገር የሹማምንትና የገንዘብ ቋንቋ ሆኖ ኖሮ ነበር። የሚያስደንቀው ግን፣ ካኒሽካ የራሴ ያለው ቋንቋ አባቶቹ በስደት ገብተው ያገኙት የባክትሪያ ሰዎች ቋንቋ መሆኑ ነው። ፊደሉንም ከግሪኮች እንደተዋሱ አቆይተው፣ በግሪክ ለሌለው ለ«ሽ» ድምፅ አንድ አዲስ ፊደል ጨመሩበት። የእኛም አባቶች ከግዕዙ «ሰ» ለአማርኛ «ሸ»ን ማውጣታቸው የዚሁ ዓይነት ብልሃት ነው።

ገንዘቡም ይህንኑ ይመሰክራል። በመጀመሪያ ባወጣው ወርቅ ላይ የግሪክ አማልክት በግሪክ ስማቸው ይታያሉ። ቋንቋው ከተለወጠ በኋላ ግን የፀሐዩና የጨረቃው አምላክ መልክ እንዳለ ሆኖ ስማቸው በባክትሪያ ቋንቋ ተጻፈ። ከእነርሱም ጋር ናና የምትባለው እናት አምላክ፣ የህንዱን ሺቫ የሚመስለው ኦኤሾና ቡድሃ ተቀርጸዋል። ይህ ወርቅ በንግድ እስከ አገራችን ደርሷል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 በላይ የኩሻን ወርቅ በተገኘ ጊዜ፣ የካኒሽካም ገንዘብ ከውስጡ ነበረበት።

የቡድሃ እምነት ተከታዮች ካኒሽካን እንደ ታላቅ ደጋፊያቸው ያስቡታል። የመነኮሳት ጉባኤ በካሽሚር እንዳስደረገ በትውፊታቸው ይነገራል። በፔሻዋር ያሠራውን ታላቅ የቡድሃ መታሰቢያ ሕንፃ የቻይና መንገደኞች ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ አይተው አድንቀዋል። በዚያው በ2ኛው መቶ ዓመት ከዩኤዢ ወገን የሆነው መነኩሴ ሎካክሴማ ወደ ቻይና ሄዶ የቡድሃን መጻሕፍት ወደ ቻይንኛ ተረጐመ። አባቶቹ ተሸንፈው ወደ ወጡበት ምሥራቅ ልጃቸው መምህር ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. በማቱራ አጠገብ ራሱ የተቈረጠ የካኒሽካ ሐውልት ተገኘ። ንጉሡ በሞቃቱ የጋንጀስ አገር እንደ አባቶቹ ረጅም ካፖርትና ከባድ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ሰይፉን ይዞ ቆሟል። በልብሱ ላይ የተቀረጸው ማዕርጉ ግን የህንዶችን ታላቅ ንጉሥ፣ የኢራን ወገኖችን ንጉሠ ነገሥትና ከቻይና የሚመጣ የሚመስለውን የአምላክ ልጅ የሚለውን ስም አንድ ላይ ያያዘ ነው፤ የተጻፈበትም ፊደል የህንድ ነው።

ንግሥናው ሁሉ ሰላም ነበር አንልም። ግዛቱ በጦር የሰፋ ነው፤ አንድ አፈ ታሪክም ዘመቻ ያሰለቻቸው የገዛ ወታደሮቹ ታምሞ ሳለ አፍነው እንደገደሉት ይናገራል። ከእርሱ በኋላ ሁቪሽካ፣ ቀጥሎም ቫሱዴቫ ነገሡ። ቫሱዴቫ የሚለው ስም ፍጹም የህንድ ስም ነው። ድንኳን ነቅለው ከተሰደዱት ዘላኖች አንሥቶ እስከዚህ ስም ድረስ ያለፈው 4 መቶ ዓመት ያህል ነው።

እንግዲህ ካኒሽካን ባዕድ እንበለው ወይስ ህንዳዊ? ትውልዱን በድንጋይ ላይ ጻፈ እንጂ የሌላው ትውልድ እንዲጠፋ አላደረገም፤ ለቋንቋው ክብር ሰጠ፣ የሚገዛቸው ሕዝቦች ግን አምላካቸውን በገንዘቡ ላይ አገኙት። የተለያየ ወገን ባለበት አገር ሥራ የሚጠብቃቸው ወጣቶቻችን፣ አባትን ማክበር ጎረቤትን መናቅ እንዳልሆነ ከዚህ ንጉሥ ቢማሩ መልካም ነው።