ኢብን ሲና፦ ሕመምን ከሕመም የለዩ ሐኪም

በተከበረው የረመዳን ወር ዕውቀታቸው ለሰው ልጅ የተረፈ ሙስሊም ሊቃውንትን ማስታወስ መልካም ነው። ዛሬ የምናነሳቸው አቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብን ሲና ከዚህ ዓለም የተለዩትም በዚሁ በረመዳን ወር ነው። ስለ ፍልስፍናቸው ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። እኛ ግን ሕይወታቸውን የምንቃኘው የየቤታችንን ደጃፍ በሚያንኳኳ አንድ ጉዳይ በኩል ነው። እርሱም ምልክታቸው የሚመሳሰል የአንጎልና የነርቭ ሕመሞችን አንዱን ከሌላው ለመለየት ያደረጉት ጥረት ነው።

ኢብን ሲና የተወለዱት በ370 ዓመተ ሂጅራ፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር በ980፣ በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን በቡኻራ አቅራቢያ በምትገኝ አፍሸና በተባለች መንደር ነው። አባታቸው ከበልኽ የመጡ የሳማኒድ መንግሥት ሹም ነበሩ። ልጃቸው ቁርኣንን ቀርተው ሲያጠናቅቁ ገና 10 ዓመታቸው ነበር። ከዚያም ፊቅህን፣ ሒሳብን፣ ሎጂክንና ሕክምናን ተማሩ። አንድ ጥያቄ አልፈታ ሲላቸው ወደ መስጂድ ሄደው ይሰግዱና አላህ እንዲገልጥላቸው ይለምኑ እንደነበር ስለ ራሳቸው በተዉት ታሪክ አስፍረዋል። የአሪስቶትልን ሜታፊዚክስ 40 ጊዜ አንብበው ሳይገባቸው ቀርቶ ነበር። በመጨረሻ ከመጽሐፍ ገበያ በ3 ዲርሃም የገዙት የአል-ፋራቢ ድርሰት ምስጢሩን ቢፈታላቸው፣ በማግስቱ ለድሆች ሰደቃ አወጡ።

ገና በ16 ዓመታቸው ሌሎች ሐኪሞች ከእርሳቸው ዘንድ ይማሩ ጀመር። የቡኻራው ገዢ ኑሕ ኢብን መንሱር ታመው ሐኪሞቻቸው ግራ በተጋቡ ጊዜ ይህ ወጣት ተጠራ። ገዢው ሲድኑ ወጣቱ የቤተ መንግሥቱን ቤተ መጻሕፍት እንዲያነብ ተፈቀደለት። ይሁን እንጂ ሰላሙ አልቆየም። አባታቸው ሞቱ፤ የሳማኒዶች መንግሥትም ወደቀ። ኢብን ሲና ከከተማ ወደ ከተማ መንከራተት ዕጣቸው ሆነ። ጁርጃን ሲደርሱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተለዩዋቸውን ደቀ መዝሙር አል-ጁዝጃኒን አገኙ፤ ታላቁን የሕክምና መጽሐፍ አል-ቃኑንንም መጻፍ ጀመሩ። መጽሐፉን ሬይ ላይ ቀጥለው የጨረሱት በሐመዳን ከተማ ነው። ቀን በገዢው በሸምስ አድ-ደውላ ዘንድ በሚኒስትርነት ያገለግላሉ፤ ሌሊት ያስተምራሉ፤ ይጽፋሉ።

አል-ቃኑን 5 ክፍሎች አሉት። ሦስተኛው ክፍል የሰውን ሕመም ከራስ እስከ እግር በተራ ይዘረዝራል፤ የሚጀምረውም ከአንጎል ነው። ኢብን ሲና በዚህ ክፍል ተመሳሳይ የሚመስሉ ሕመሞችን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚለያዩበትን ምልክት እየነቀሱ አሳዩ።

ራሱን ስቶ የተዘረረ ሰው እንውሰድ። ተመልካቹ ሁሉንም አንድ ስም ይሰጠው ይሆናል። እርሳቸው ግን ለዩት። የሚያንቀጠቅጠውና አፉን አረፋ የሚያስደፍቀው ሰርዕ፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ነው። ስሜትና እንቅስቃሴ ድንገት የሚጠፋበት፣ ትንፋሹም የሚከብደው ሰክታ ነው፤ ዛሬ ስትሮክ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ። ከባድ እንቅልፍ የተጫነው ሰው ደግሞ ሲቀሰቅሱት ይነቃል፤ ሰክታ የጣለው ግን አይነቃም።

የፊት መጣመምንም እንዲሁ መረመሩ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች መነሻው ከአንጎል የሆነውንና ከፊት ነርቭ የሆነውን መጣመም ቀድመው ከለዩት መካከል ይቆጥሯቸዋል። የፊት መጣመም አንዳንድ ጊዜ ለሚመጣ ሰክታ ማስጠንቀቂያ እንደሆነም ጽፈዋል። ትኩሳት ይዞት የሚቃዠውን ሕመምተኛ በተመለከተም፣ ራሱ አንጎሉ ወይም ሽፋኑ የተቆጣበትን ሰው የሌላ አካል ትኩሳት ወደ ራሱ ከወጣበት ሰው ለዩ። ማጅራት ገትርን ከሌላ ትኩሳት መለየት ዛሬም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ወደ ቤታችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ስለ ጂን የያዙት አቋም ነው። ስለ ሜላንኮሊያ ሲጽፉ፣ ሕመሙን ከጂን ነው የሚሉ እንዳሉ ጠቅሰዋል። ከሰዎቹ ጋር ክርክር አልገጠሙም። ጂን ይሁንም አይሁን ሕመሙ በአካል ውስጥ የሚሠራው ነገር እንዳለና የሐኪሙ ድርሻ ያንን ቅርብ ምክንያት ማከም እንደሆነ አስረዱ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ለዓመታት ከሰው ተደብቆ፣ ሐኪም ሳያየው የሚያድግባቸው ቤቶች በአገራችን አሉ። ሩቅያ የሚያስቀራ ቤተሰብ ሐኪም ቤት ከመሄድ የሚከለክለው ነገር የለም። ዱዓውም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሌላው ትልቅ ምክራቸው ስለ ጀናዛ ነው። ሰክታ የጣለው ሰው ትንፋሹ እስከማይታወቅ ድረስ ሬሳ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሞቱ ያጠራጠረ ሰው እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳይቀበር አስጠነቀቁ። የፊቅህ ሊቃውንትም ጀናዛን ማፋጠን እንደሚገባ ቢያስተምሩም፣ ድንገት ወድቆ ሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው እንዲቆይ አዘዋል። ሐኪሙና ፈቂሁ እዚህ ላይ ይስማማሉ፦ ከችኮላ እርግጠኝነት ይቀድማል።

ይህ ሁሉ ሲባል ኢብን ሲና በሁሉም ነገር ልክ ነበሩ ማለት አይደለም። የሕመሞቹን መንስኤ ያስረዱት ከግሪኮች በወረሱት የአራቱ የሰውነት ፈሳሾች ትምህርት ነበር፤ ያንን ትምህርት ሕክምና ትቶታል። የቀረው በትዕግሥት የመመልከትና የመለየት ልማዳቸው ነው። አል-ቃኑን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምር ኖሯል።

የኋላ ዘመናቸው ቀላል አልነበረም። ወታደሮች አምፀውባቸው በወዳጅ ቤት 40 ቀን ተደበቁ። ሸምስ አድ-ደውላ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ፈርደጃን በተባለ ምሽግ 4 ወር ያህል ታሰሩ፤ እዚያም ሆነው ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በኋላ የሱፊ ልብስ ለብሰው ወደ ኢስፋሃን አመለጡ። ብዙዎችን ያከሙት ሐኪም በሚመላለስ የሆድ ቁርጠት ይሠቃዩ ነበር። ሕክምናው እንደማያድናቸው ሲረዱ ራሳቸውን ማከም አቆሙ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት ተውበት አደረጉ፤ ባሮቻቸውን ነፃ አወጡ፤ ገንዘባቸውን ለድሆች ሰደቃ ሰጡ፤ ቁርኣንንም ደጋግመው ቀሩ። በ428 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር (በ1037) በሐመዳን አረፉ፤ መቃብራቸውም እዚያው ነው።

ከእኚህ ሰው ሕይወት ለቤተሰባችን የምንወስደው ትምህርት የሚመሳሰል ምልክት ሁሉ አንድ በሽታ አለመሆኑን ነው። ዛሬ ሐኪሞች ፊቱ የተጣመመን ሰው ግንባሩን እንዲቋጥር፣ ዓይኑን እንዲጨፍን ይጠይቁታል። የታመመው ወገን ግንባሩ ከተቋጠረ አንጎልን ይጠረጥራሉ፤ ግንባሩ አልቋጠር፣ ዓይኑም አልከደን ካለ የፊት ነርቭን። ይህን መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ፊቱ ድንገት የተጣመመ፣ እጁ የዛለ ወይም ምላሱ የተያዘ ሰው ስናይ ንፋስ መትቶት ነው ብለን ሳንቀመጥ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። የሚጥል በሽታ የጣለውን ሰው በጎኑ እናስተኛው፤ አፉ ውስጥ ምንም አንክተት፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅመውም። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ያስፈልገዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በጾሙ ምክንያት በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ስሑር ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለታመመ ሰው ሸሪዓው ማፍጠርን ፈቅዷል።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ይማርልን፤ ጾማችንንም ይቀበለን።