ያለ ሜካፕ ጭራቅ የተደረገው ሰው፦ ሮንዶ ሃተን

መርካቶ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭኑ ልጆች ጋ ሄዳችሁ ሆረር አምጡ ብትሏቸው፣ የሚጭኑላችሁ ገዳይ ባብዛኛው ፊቱ የተበላሸ ነው። ፍሬዲ ክሩገር የተቃጠለ፣ ጄሰን ጭምብል ያጠለቀ። ግን የሁለቱም ፊት የሜካፕ ሥራ ነው፤ ቀረጻው ሲያልቅ ተዋናዩ ታጥቦ ቤቱ ይገባል። ዛሬ የምንነግራችሁ ሰው ፊት ግን ታጥቦ የሚለቅ አልነበረም።

ሮንዶ ሃተን ይባላል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።) ኤፕሪል 22 ቀን 1894 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ተወለደ። እናትና አባቱ አስተማሪዎች ነበሩ። ቤተሰቡ በኋላ ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ከተማ ገባ፤ ሮንዶም እዚያ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ሆነ። የዚያን ጊዜ ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፤ ደህና አድርጎ መልከ መልካም ጎረምሳ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ታምፓ ትሪቢዩን ጋዜጣ ላይ ጋዜጠኛ ሆነ።

ፊቱ መለወጥ የጀመረው ካደገ በኋላ ነው። በሽታው አክሮሜጋሊ ይባላል። አንጎል ሥር ያለች አተር የምታክል ዕጢ፣ ፒቱታሪ የምትባለው፣ እባጭ ይወጣባትና የዕድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ታመነጫለች። ልጅ ላይ ከሆነ ቁመት ይመዘዛል። አዋቂ ላይ ግን አጥንት ወደ ላይ ማደጉን ስለጨረሰ መንጋጋ፣ ግንባር፣ አፍንጫ፣ እጅና እግር ይገዝፋሉ። በአንድ ሌሊት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ቀለበት አልወልቅ ይላል፣ የጫማ ቁጥር ይጨምራል፣ ዓመታት ያልፋሉ። ልብንም ይጎዳል። ዛሬ በቀዶ ሕክምናና በመድኃኒት ይታከማል።

የፊልም ስቱዲዮው ግን ለገበያ የሚመች ሌላ ወሬ ነዛ፤ ጦር ሜዳ ላይ በመርዝ ጋዝ ተመትቶ ነው ተባለ። ይሄ ወሬ እስከ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይዞራል፤ አትመኑት። የመርዝ ጋዝ ምን እንደሚያደርግ አያቶቻችን ከጣሊያን ወረራ ያውቁታል። ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይበላል፤ መንጋጋ ግን አያሳድግም።

ወደ ፊልም የገባው በአጋጣሚ ነው። ዳይሬክተር ሄንሪ ኪንግ ሄል ሃርበር የተባለውን የ1930 ፊልም ታምፓ ሲቀርጽ ሮንዶ ለጋዜጣው ሊዘግብ ሄደ። ኪንግ አየውና ትንሽ ሚና ሰጠው። በ1934 ሜይብል የምትባል ሴት አገባ፤ በ1936 ሆሊውድ ገባ። እግረ መንገዳችንን፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ነው፤ ገበያውን ከአራዳ አንስቶ አሁን መርካቶ ወደምንለው ቦታ የወሰደውም በዚያ ወረራ ዘመን ነው። ሮንዶ ሥራ ፍለጋ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ሲዞር መርካቶ ራሷ ገና አልቆመችም ማለት ነው።

ለዓመታት የሚደርሰው የጥቂት ሰከንድ ሚና ነበር። በ1939ኙ የኖትር ዳም ጎባጣ ፊልም ላይ የአስቀያሚዎች ውድድር አለ፤ ሮንዶ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሆኖ ይታያል። አሸናፊው ቻርልስ ሎውተን ነው፣ ያውም በሜካፕ! እውነተኛው ፊት በተቀባው ተበለጠ።

በ1944 የሼርሎክ ሆምስ ፊልም ላይ ወገብ የሚሰብር ነፍሰ ገዳይ ሆነ። መርካቶ ቢሆን ቅጽል ስም በአንድ ቀን ይወጣለት ነበር፤ ሆሊውድም ያው ነው፣ ክሪፐር አለው፤ አድፍጦ የሚመጣ እንደማለት። ዩኒቨርሳል ይሄ ፊት ገንዘብ እንደሚያመጣ ገባው። ሜካፕ አያስወጣ፣ ጭምብል አያሠራ! በርካሽ ፊልሞች ላይ ደጋግሞ አሠራው።

የመጨረሻው ብሩት ማን ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሃል ሞፌት የሚባል መልከ መልካም የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች ላቦራቶሪ ውስጥ በደረሰ አደጋ ፊቱ ይበላሻል፤ ከዓመታት በኋላ ጥፋተኛ የሚላቸውን እየዞረ ይገድላል። ያው የራሱ የሮንዶ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል፤ መግደሉ ሲቀር። ራሱን እንዲጫወት አስደርገው ጭራቅ ብለው ሸጡት። እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ጥሩ አይደለም፣ እሱም ጎበዝ ተዋናይ አልነበረም። ግን ፒያኖ የምትጫወት አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ አለች፤ ፊቱን ስለማታይ አትሸሸውም። እሱ ለዓይኗ ማሳከሚያ ገንዘብ ሊያመጣ ይሄዳል፤ ካየች ግን መጀመሪያ የምታየው የሱን ፊት ነው። እዚያ ጋ ፊልሙን አቁመን ትንሽ ዝም ብለናል።

ሮንዶ ይሄን ፊልም ሲወጣ አላየውም። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1946 በልብ ድካም ሞተ፤ 51 ዓመቱ ነበር። ዩኒቨርሳል በዚያ ዓመት ርካሽ ፊልም መሥራቱን ሲተው ብሩት ማንን ፒአርሲ ለሚባል ትንሽ ኩባንያ በ125,000 ዶላር ሸጠው። የታመመ ሰው ላይ መነገዱ አሳፍሮት ነው የሚሉም አሉ። ፊልሙ በኦክቶበር ሲኒማ ቤት ገባ።

አስከሬኑ ወደ ታምፓ ተመልሶ ከወታደሮች መቃብር አረፈ። ከ2002 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለሆረር ፊልም ሥራዎች በየዓመቱ በስሙ ሽልማት ይሰጣል። ዋንጫው ትንሽ ሐውልት ነው፤ የሱ ፊት የተቀረጸበት።