ኦነሲሞስ ነሲብ፦ ለተሰደዱ ወገኖቻቸው በቋንቋቸው የጻፉ መምህር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከምጽዋ ወደብ አጠገብ ባለችው እምኩሉ መንደር፣ ወደው ያልመጡባት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ባሪያ ፈንጋዮች ከትውልድ ቀያቸው ነጥቀው ባሕር ሊያሻግሯቸው ሲሉ ነጻ የወጡ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አስጠግቶ ፊደል ያስቆጥራቸው፣ ሃይማኖቱንም ያስተምራቸው ነበር። ከእነርሱ ሁሉ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው።

ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን፣ በአፋን ኦሮሞ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። አባታቸው የሞቱት በሕፃንነታቸው ነው። ገና ልጅ ሳሉም ከእናታቸው ተነጥቀው ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነጻ አውጥቶ ለሚሲዮኑ ሰጣቸው። በ1872 ሲጠመቁ ኦነሲሞስ ተባሉ፤ ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት የባሪያው ስም ነው።

በስዊድን አገር ለአምስት ዓመታት ተምረው በ1881 ሲመለሱ አሳባቸው አንድ ነበር፤ ወደ ወገኖቻቸው ገብቶ ማስተማር። በሱዳን በኩል ያደረጉት ጉዞ በሕመምና በድካም ከሸፈ። ሁለተኛው ጉዞ እንጦጦ ቢያደርሳቸውም፣ ከዚያ እንዳያልፉ ስለ ተከለከሉ ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

ወደ አገር የሚያስገባው መንገድ ቢዘጋም፣ አገሩ በስደተኞቹ አንደበት ውስጥ ነበረ። ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ያዙ። ነገር ግን በልጅነት ከቤት የተነጠቀ ሰው የእናቱን ቋንቋ ምሉዕ አድርጎ አይይዝም። ይህን ጉድለት የሞሉት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴርም በባርነት ተሽጠው ሳለ በ1886 ነጻ ወጥተው እምኩሉ የገቡ ነበሩ። ቃላትን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችንና ዘፈኖችን ከአእምሯቸው እያወጡ ጻፉ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በ1894 ደግሞ ሁለቱ ያዘጋጁት የንባብ መማሪያ ወጣ። የተጻፉት ሁሉ በግዕዝ ፊደል ነበር።

በ1904 ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ባልንጀሮቻቸው ወለጋ ገቡ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ነገር ግን በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማራቸው የአካባቢውን ካህናት አስቆጣ። ክሱ በ1906 ከአቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀርቦ ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው በነቀምቴ እንዲቀመጡ፣ ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ሕይወታቸውን ሙሉ የደከሙለትን ሕዝብ አግኝተው ሳለ ዝም ማለት ግድ ሆነባቸው። በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ፈቃድ ሲያገኙ ወደ ስብከታቸው ተመለሱ። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለውጧል። አፋን ኦሮሞ ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የትምህርት፣ የፍርድ ቤትና የመገናኛ ብዙኃን ቋንቋም ሆኗል። ኦነሲሞስ በደከሙበት ዘመን ግን በዚህ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነበር። ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ሰዎች ጎን ለጎን በሚኖሩባቸው እንደ አርሲ ነገሌና አዳማ ባሉ ከተሞች ታሪካቸው የሚያስታውሰው ቁም ነገር አለ። የእምኩሉ ቤተ ክርስቲያን መጻተኛውን ስትቀበል መጠለያና እንጀራ ሰጠችው። የገዛ ቋንቋውን በመጽሐፍ ያገኘው ግን ከመጻተኞቹ አንዱና አንዲቱ ብዕር ሲያነሡ ነው።