አርተር ራምቦ፤ ሙያን በፖስታ ያዘዘው ሰው

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ሐረር ወርጄ ሳለሁ፥ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የእንጨት መሸጫ ግቢ ውስጥ፥ በትራክተር ኃይል የባሕር ዛፍ ግንድ የሚሰነጥቅ መኪና ተበላሽቶ አገኘሁ። ትራክተሩ ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም ፒስተኑን ከነስለቱ ወደ ግንዱ ይነዳል። የዚያን ዕለት ግን ፒስተኑ ባዶውን ሲሆን ደኅና ይወጣል፤ እንጨት ሲነካ ቀጥ ይላል። የግቢው ልጅ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ በግራ እጁ ይዞ፥ በቀኙ የግፊት መጠበቂያውን ቫልቭ ብሎን ሊያጠብቅ ሲነሣ፥ አንድ አዛውንት ሜካኒክ እጁን ያዙት።

አዛውንቱ በመጀመሪያ ትራክተሩን አስጠፉ፤ ማንሻውን ወዲያና ወዲህ አድርገው በቱቦው ውስጥ የታመቀውን ግፊት አስተነፈሱ። ቀጥለው የዘይቱን መጠንና ፊልትሮውን አዩ። ከዚያ በኋላ ብሎኑ ስንት ዙር እንደሚወጣ እየቆጠሩ ቫልቩን ፈቱ። በኳሱና በመቀመጫው መካከል ደቃቅ የብረት ሥንጣሪ ተቀርቅሮ ነበር፤ ኳሱ ስላልገጠመ ዘይቱ በቂ ግፊት ሳያበጅ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለስ ኖሯል። ጠርገው፥ ሞላውን መልሰው፥ ብሎኑንም በቆጠሩት ዙር ልክ አስገብተው መኪናውን አስነሡ፤ ግንዱም ለሁለት ተከፈለ። ልጁ እንዳሰበው ብሎኑን ዝም ብሎ አጥብቆት ቢሆን ኖሮ፥ ሥንጣሪው አንድ ቀን በለቀቀ ጊዜ ግፊቱ ከልክ አልፎ ቱቦውን ባፈነዳው ነበር።

መጽሐፉ አልዋሸም፤ ብሎኑ የት እንዳለ በትክክል አሳይቷል። ያላሳየው ነገር ብሎኑ መቼ እንደማይነካ ነው። ይህን እያወጣሁና እያወረድሁ ወደ ጀጎል ስመለስ፥ የሐረር ሰው የራምቦ ቤት በሚለው፥ መስኮቱ ባለቀለም መስታወት በሆነው የእንጨት ሕንጻ በኩል አለፍሁ። እርግጥ ቤቱ ራምቦ ከሞተ በኋላ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ስሙ ግን ቀርቶበታል። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ከግጥሙ በኩል ሳይሆን፥ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከማናነሣው በኩል ልተርከው አሰብሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አርተር ራምቦ ጥቅምት 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር ሠራዊት ሻምበል ነበር፤ ልጆቹን ለእናታቸው ጥሎ ስለ ሄደ፥ ያሳደገቻቸው ጥብቅና ቆጣቢ የሆነች የገጠር ባላባት ሴት ናት። ልጁ በትምህርት ቤት ሽልማት ያፍስ ነበር፤ ገና በ16 እና በ17 ዓመቱ የጻፋቸው ግጥሞች የፈረንሳይን ቅኔ መንገድ ለወጡ። ሃያ ዓመት ካለፈው ብዙ ሳይቆይ ግን ብዕሩን ጣለ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው መንከራተትና እንጀራ ፍለጋ ነው። በቆጵሮስ ደሴት በድንጋይ ካባ የሠራተኞች አለቃ ሆነ፤ በ1880 ደግሞ በዚያው ደሴት ተራራ ላይ ለእንግሊዙ ገዥ የበጋ ቤት ሲሠራ ግንበኞችን ተቈጣጠረ። በዚያው ዓመት ወደ ዓደን ተሻግሮ አልፍሬድ ባርዴ በሚባል ፈረንሳዊ የቡና ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ።

ባርዴ ወደ ሐረር ሊልከው በወሰነ ጊዜ ራምቦ ለቤተ ሰቡ የጻፈው ትእዛዝ እስከ ዛሬ ያስገርማል። የጠየቀው የግጥም መጽሐፍ አይደለም። ስለ ብረት ማቅለጥ፥ ስለ ከተማና ስለ እርሻ ውሃ አመራር፥ ስለ ጥልቅ ጕድጓድ ቁፋሮ፥ ስለ ማዕድን፥ ስለ ግንብ ሥራ፥ ስለ እንጨት መሰንጠቂያ መጋዝ ቤቶች፥ ስለ አናጢነት፥ ስለ ቆዳ ፋቂ፥ ስለ ቍልፍ ሠሪና ስለ ሸክላ ሠሪ ሙያ የሚያስተምሩ መጻሕፍትን ነበር። ሐረር ከገባ በኋላም በጥር 1881 ፓሪስ ለሚገኝ አንድ የመሣሪያ ነጋዴ ጽፎ፥ በሒሳብ፥ በኤሌክትሪክ፥ በመካኒክና በውሃ ግፊት ሙያ ከሁሉ የተሻሉት መሣሪያዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ ጠየቀ። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ብቻ እንደማይፈልግ ገለጠ። ይህን ቃሉን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ሐረር በዚያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች። ራምቦ ከዘይላ ተነሥቶ የሱማሌን በረሃ በፈረስ በ20 ቀን አቋርጦ ገባ፤ ቡና፥ ቆዳ፥ የዝሆን ጥርስና ሙጫ እየገዛ ወደ ዓደን መላክ ጀመረ። መጽሐፍ ከፈረንሳይ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ሥራው ግን ሚዛን፥ ግመልና የሒሳብ መዝገብ እንጂ መጋዝ ወይም ፓምፕ አልነበረም። በሐረር የመጋዝ ቤት አላቆመም፤ የውሃ ቧንቧም አልዘረጋም። ሙያዎቹን የሚያውቅ ጌታ አጠገቡ አልነበረም፤ እርሱም በአንድ ሙያ ላይ ተቀምጦ አልቆየም። በሌላ በኩል ከሰው ጋር ውሎ የተማረው ሁሉ ያዘለት፤ የአገሩን ቋንቋዎች ተናገረ፤ በ1883 ያስመጣውን የፎቶግራፍ መኪና ይዞ የራሱንና የከተማውን ምስል አነሣ፤ በ1884ም ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ዘገባ በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ዘገባው ያማረው የሥራ ባልደረባው ሶቲሮ በእግሩ ሄዶ ያየውን ስለያዘ ነው።

በግንቦት 1883 ከሐረር ለቤተ ሰቡ ሲጽፍ፥ ምኞቱ ሚስት አግብቶ አንድ ወንድ ልጅ መውለድ፥ ያንንም ልጅ በሳይንስ የበረታ ስመ ጥር መሐንዲስ አድርጎ ማሳደግ መሆኑን ገልጿል። ራሱ ሊሆን የፈለገውንና ያልሆነውን ላልተወለደ ልጅ አወረሰ ማለት ነው። ያ ልጅ አልተወለደም።

ከ1885 ጀምሮ ጠመንጃ ወደ ሸዋ የማስገባት ንግድ ያዘ። አንዱ ሸሪኩ ላባቱ ሞተ፤ ሁለተኛው ሶሌዬም ሞተ፤ ራምቦ ብቻውን ከታጁራ ተነሥቶ ከ2000 በላይ ጠመንጃ በግመል ጭኖ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ በጥር ወር በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር፤ ጠመንጃውን በዝቅተኛ ዋጋ ገዙት፤ የላባቱንም ዕዳ ከዋጋው ላይ አስቀነሱ። የቀረውን ገንዘብ ሐረር ወርዶ ከደጃዝማች መኰንን ተቀበለ። በ1888 ደግሞ በሐረር የራሱን የንግድ ቤት ከፍቶ ቡና ላከ፤ ጨርቅና ድስት አስመጣ።

በዚህ ዘመን ከሚጻጻፋቸው ሰዎች አንዱ የምኒልክ መሐንዲስ የነበረው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት፥ በ1854፥ ተወለዱ። ኢልግ በዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1879 ወደ ሸዋ መጣ፤ ድልድይም፥ ቤትም እየሠራ፥ የምኒልክንም ሠራተኞች እያሠለጠነ ኖረ። በ1890ዎቹ ከእንጦጦ ግርጌ ምንጭ ጠልፎ በቧንቧ ውሃውን ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አስገባ። ውሃ ወደ ጉብታ ሲወጣ ሕዝቡ ተደነቀ፤ ምሥጢሩ ግን ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ መሆኑና ቧንቧው ግፊቱን ሳያፈስ መያዙ ብቻ ነበር። ይህ ራምቦ በ1880 መጽሐፉን ያዘዘለት ዕውቀት ነው።

በየካቲት 1891 የራምቦ ቀኝ ጕልበት አበጠ። በሐረር ሊያክመው የሚችል ሐኪም አላገኘም። እግሩ ደርቆ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው፥ ራሱ ነድፎ በሸራ የተሸፈነ ቃሬዛ አሠራ፤ 16 ተሸካሚ ቀጠረ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ከሐረር ወጣ። ራሱ ነድፎ በእርግጥ ካሠራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቃሬዛ ነው። እስከ ዘይላ ያለው መንገድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቃሬዛው በየቁልቁለቱ ያንገላታው ነበር፤ በረሃው ላይም ዝናብ ለብዙ ሰዓት ያለ መጠለያ ደበደበው። ግንቦት 27 ቀን በማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቈረጠ። ራስ መኰንን ከሐረር የማጽናኛ ደብዳቤ ላኩለት። የእንጨት እግር አሠራ፤ ቁስሉ አላስችል አለው። ኅዳር 10 ቀን 1891 እኅቱ ኢዛቤል አጠገቡ ሆና በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ለሐረሬው አገልጋዩ ለጃሚ ገንዘብ ተናዞለት ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህን የጻፍሁት በመጽሐፍ ለማላገጥ አይደለም፤ እኔም የምኖረው በመጽሐፍ ነው። የግቢው ልጅ መጽሐፉን ባይዝ ኖሮ ቫልቩን ፈልጎም ባላገኘው ነበር። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን ስለ አገር ልማት ስንጽፍ፥ ብሎኑን ስንት ዙር እንደ ፈታ የሚቈጥር ሰው ከመካከላችን ስንት አለ? ራምቦ ሙያን ከሩቅ አገር በፖስታ ያዘዘው የሚያስተምረው ሰው አጠገቡ ስላጣ ነው። እኛ ግን አዛውንቱ በዚያ የእንጨት ግቢ ውስጥ አሉልን፤ እስካሁን ሄደን አልጠየቅናቸውም። በሚቀጥለው ክረምት እኔ ስወርድ መጽሐፌን ትቼ አልሄድም፤ ይዤው ሄጄ ከእርሳቸው ጋር አነበዋለሁ።