ሰክሮ ተኝቶ ወታደር ሆኖ የነቃው ተማሪ

የሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስም ውስጥ አንድ የሰው ስም አለ፦ ሎሞኖሶቭ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት የሄደ አባት ወይ አጎት ያላችሁ ምናልባት ስሙን ቤት ውስጥ ሰምታችሁት ይሆናል። ሰውየው ኬሚስት ነው፣ ፊዚክስ ያውቃል፣ ገጣሚ ነው፣ የሩሲያ ቋንቋ ሰዋስው ጽፏል። ሐውልት ቆሞለታል፣ ከተማ በስሙ ተሰይሟል።

እኛ ዛሬ ስለ ሐውልቱ አይደለም የምናወራው። በመንግሥት ወጪ ጀርመን ለትምህርት ተልኮ ዕዳ ውስጥ ስለተነከረው፣ ከመምህሩ ተጣልቶ ስለጠፋው፣ ከላኩት ሰዎች ደብቆ ስላገባው፣ ጭራሽ አንድ ማታ ጠጥቶ በተኛበት የሰው አገር ወታደር ሆኖ ስለነቃው ልጅ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

ሚኻይል ሎሞኖሶቭ የተወለደው በ1711፣ ከሩሲያ ሰሜን ጫፍ፣ ነጭ ባሕር ከሚባለው ብርዳም ባሕር አቅራቢያ ባለች መንደር ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ የራሱ መርከብ ያለው፣ ኑሮውም ደህና የሚባል። ልጁም አብሮት ባሕር ይወጣ ነበር። እናቱ በልጅነቱ ሞታለች፤ የእንጀራ እናቱ ደግሞ መጽሐፍ ይዞ ባየችው ቁጥር ሥራ ፈታ ብላ አባቱ ላይ የምታነሳሳ ዓይነት ሴት ነበረች። አባትየው ሊድረው ሲያስብ ልጁ በ1730 ታኅሣሥ ላይ፣ በ19 ዓመቱ፣ ዓሣ ጭነው ወደ ሞስኮ የሚሄዱ ነጋዴዎችን ተከትሎ ከቤት ወጣ። መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በዚያ ክረምት።

ሞስኮ ሲደርስ ሌላ ጣጣ ጠበቀው። ሊገባበት የፈለገው ትምህርት ቤት የገበሬ ልጅ አይቀበልም። ምን አደረገ? የመኳንንት ልጅ ነኝ አለና ገባ። ዛሬ ቢሆን ፎርጅድ እንለው ነበር። ላቲን ለመጀመር ከትንንሽ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀመጠ፤ ልጆቹም በጣት እየጠቆሙ ሳቁበት፣ 20 ዓመት ሞልቶት ገና ላቲን ሊማር መጣ ብለው። የቀን አበሉ 3 ኮፔክ ነበር። ከዚያ ላይ ግማሽ ኮፔክ ለዳቦ፣ ግማሽ ኮፔክ ክቫስ ለሚሉት የእነሱ ጠላ ቢጤ መጠጥ፤ የቀረው ለወረቀት፣ ለጫማና ለሌላው ሁሉ። እንዲህ አድርጎ ነው ዓመታት የገፋው።

ከዚያ ዕድል መጣች። የሴንት ፒተርስበርጉ የሳይንስ አካዳሚ ወደ ሳይቤሪያ ለላከው ጥናት ኬሚስትሪና ማዕድን የሚያውቅ ሰው አጣ። ከውጭ ማስመጣት ከባድ ሲሆንበት የራሱን ልጆች ጀርመን ልኮ ለማስተማር ወሰነ። ሦስት ተመረጡ፦ ሎሞኖሶቭ፣ ቪኖግራዶቭ የሚባል ከእሱ በብዙ የሚያንስ ልጅ፣ እና ራይዘር። በ1736 መከር ላይ ማርቡርግ ከተማ ደረሱ። ለእያንዳንዳቸው በዓመት 400 ሩብል ተቆረጠላቸው።

እዚህ ላይ ካልኩሌተር እናውጣ። በቀን 3 ኮፔክ ማለት በዓመት 11 ሩብል ገደማ ነው። ከ11 ሩብል ወደ 400! ከ35 እጥፍ በላይ። እንደዚህ ዓይነት ገንዘብ በአንዴ እጁ የገባ ወጣት ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

ፍትሐዊ እንሁንና፣ ልጁ ተምሯል። ማርቡርግ ውስጥ መምህሩ ክርስቲያን ቮልፍ ነበሩ፤ በዘመኑ በመላው አውሮፓ የተከበሩ ፈላስፋ። ከእሳቸው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ፍልስፍና ተማረ። ጀርመንኛውን በአጭር ጊዜ አቀላጠፈው። መጽሐፍ ይገዛ ነበር፣ ብዙ መጽሐፍ። ግን ደግሞ የጎራዴ ግጥሚያ አስተማሪ ቀጠረ፣ የዳንስ አስተማሪ ቀጠረ፣ የፈረንሳይኛና የሥዕልም ቀጠረ። ልብስ አሰፋ፣ ዊግ ገዛ። ከጓደኞቹ ጋር መጠጥ ነበር፣ ጠብ ነበር። በዱቤ ይገዛል፣ አበዳሪ ይበዛል፣ ሌላ ይበደራል። አዙሪቱን የሞባይል ብድር የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል።

የሚገርመው፣ የዕዳው ልክ በደንብ የታወቀው ልጆቹ ከተማውን ለቀው ከሄዱ በኋላ ነው። ቮልፍ ለአካዳሚው እንደጻፉት፣ እዚያ ሳሉ ሰው ሁሉ ፈርቷቸው አፍ አውጥቶ የሚናገር አልነበረም። የሦስቱ ዕዳ ተደምሮ ወደ 2,000 ታለር ይጠጋ ነበር። ታለር ማለት አያቶቻችን ማርትሬዛ ብለው የሚገበያዩበት ብር ዘመድ ነው። ቮልፍ አበዳሪዎቹን አነጋግረው ከፍለው ልጆቹን ሸኙ። በ1739 ሐምሌ ሠረገላው ሊነሳ ሲል ሎሞኖሶቭ ከኀዘኑና ከዕንባው የተነሳ ቃል ማውጣት አቃተው፤ ይህንንም የጻፉት ራሳቸው ቮልፍ ናቸው። በዚያ ሁሉ ጥፋት መሃል መምህሩን ይወድ ነበር።

የማያውቁት አንድ ነገር ግን ነበር። ሎሞኖሶቭ ማርቡርግ የተከራየው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው፤ ሟቹ ቢራ ጠማቂና የከተማው ምክር ቤት አባል ነበር። ሴትየዋ ኤልሳቤት ክርስቲና የምትባል ልጅ አለቻት። ሎሞኖሶቭ ከተማውን ሲለቅ ኤልሳቤት ነፍሰ ጡር ነበረች። በኅዳር ሴት ልጅ ወለደች።

እሱ በዚያን ጊዜ ፍራይበርግ ነው፤ የማዕድን ከተማ። አዲሱ መምህር ሄንከል ከፒተርስበርግ ጥብቅ መመሪያ ደርሷቸዋል። አበሉ ከ400 ወደ 150 ሩብል ወረደ፤ እሱም በተማሪዎቹ እጅ አይገባም፣ ሄንከል ናቸው የሚይዙት። ለኪስ በወር 1 ታለር ብቻ። በከተማው ለእነዚህ ልጆች ማንም ዱቤ እንዳይሰጥ ተነገረ። ገንዘቡም ቢሆን በጊዜው አይደርስም ነበር። ልጅ ተወልዶለት፣ ልጅ አለኝ ብሎ መናገር ሳይችል፣ በወር 1 ታለር!

ፀቡ የፈነዳው በሥራ ነው። ሄንከል የሜርኩሪ ውህድ፣ መርዛማ ነገር፣ እንዲፈጭ አዘዙት፤ አልፈጭም አለ። ሌሎቹ እንቢ ያሉትን ሥራ ለእኔ ብቻ የሚሰጡኝ ለምንድነው ዓይነት ንግግር ነው የተናገረው። እየጮኸ ወጣ። ዕርቅ ቢሞከርም በ1740 ግንቦት ላይ በገንዘብ እንደገና ተጣሉ፤ ሎሞኖሶቭም ማንንም ሳያስፈቅድ ፍራይበርግን ለቆ ጠፋ። እኛ የምናዝነው ለሁለቱም ነው። ሄንከል በማርቡርግ ለተሠራው ጥፋት የተመደቡ ጠባቂ ነበሩ፤ ልጁ ደግሞ 28 ዓመቱ ነው፣ እንደ ሕፃን ኪሱ የሚፈተሽበት ዕድሜ አልፏል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ፊልም ነው። የሩሲያን አምባሳደር ፍለጋ ላይፕዚግ ሄደ፤ አምባሳደሩ ካሰል ሄደዋል ተባለ። ካሰል ሄደ፤ እዚያም የሉም። ማርቡርግ ተመልሶ ኤልሳቤትን በቤተ ክርስቲያን አገባት፣ በ1740 ሰኔ። ከዚያ በራይን ወንዝ ወደ ኔዘርላንድ ወርዶ ሄግ ላይ ሌላውን አምባሳደር አገኘ። አምባሳደሩ ምንም ላደርግልህ አልችልም ብለው ሸኙት። አምስተርዳም ከአገሩ ሰሜን የመጡ ነጋዴዎች አገኘ፤ መርከባቸው ላይ መሳፈር ቢፈልግም ሳይፈቀድልህ ብትመለስ አይበጅህም ብለው መከሩት። ኪሱ ባዶ ሆኖ በእግሩ ወደ ሚስቱ ተመለሰ።

ቀጥሎ ያለውን እሱ ራሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለሥራ ባልደረባው ለሽቴሊን ያጫወተው ነው። ዱሰልዶርፍ አካባቢ አንድ ማደሪያ ገባ። እዚያ አንድ የፕሩስያ መኮንን ከምልምሎቹ ጋር ግብዣ ላይ ነበር። መንገደኛውን በደስታ ተቀበሉት፤ ብላ አሉት፣ ጠጣ አሉት፣ በነፃ። ስለ ወታደር ኑሮ ጥሩነትም ሲያወሩለት አመሹ። አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፦ በዚያው ዓመት የሞተው የፕሩስያ ንጉሥ ረጃጅም ወታደር መሰብሰብ ሱሱ ነበር፤ መልማዮቹም ከጎረቤት አገር ሳይቀር ቁመት ያለውን ሰው በማታለልም በጉልበትም ያፍሱ ነበር። ሎሞኖሶቭ ደግሞ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ባሕር ላይ ያደገ ሰው ነው።

ጠዋት ሲነቃ አንገቱ ላይ የወታደር ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ኪሱ ውስጥ የማያውቀው የፕሩስያ ሳንቲም አለ። አይሆንም ብሎ ቢከራከር ማን ሰምቶት፤ ገንዘቡን ተቀብለህ አብረኸን ጠጥተህ ተስማምተሃል ተባለ። አጅበው ቬዘል ወደሚባለው ምሽግ ወሰዱት።

እዚያ ሲደርስ ቁጣውን ዋጠ። ሌሎቹ ምልምሎች ሲያለቅሱ እሱ ወታደርነቱን የወደደ መሰለ፣ እንዳይጠረጥሩት። የሚያድርበት የጥበቃ ክፍል የኋላ መስኮት ወደ ምሽጉ ግንብ ይከፈታል። በየማታው ቀድሞ ይተኛል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሌላው እንቅልፍ ሲወስደው ይነሳል፣ አመቺውን ሰዓት ይጠብቃል። አንድ ሌሊት በመስኮቱ ወጣ። በአራት እግሩ እየዳኸ ግንቡ ላይ ወጣ፣ ዘቦቹን አለፈ፣ ወደ ታች ወርዶ ምሽጉን የከበበውን ውኃ ድምፅ ሳያሰማ ዋኘ፣ ሌላውንም ቦይ ተሻገረ፣ የመጨረሻውን የእንጨት አጥር ዘለለ። ሜዳ ላይ ሲደርስ ድንበሩ ገና ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረው ነበር። ልብሱ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ሊነጋ ሲል ከኋላው መድፍ ተተኮሰ፤ ወታደር ጠፋ ማለት ነው። ዞር ሲል ከሩቅ ፈረሰኛ እየጋለበ ሲመጣ አየ። ሮጠ፣ በቃ ሮጠ። ድንበሩን ተሻግሮም አላመነም፤ ጫካ ገብቶ ልብሱን ዛፍ ላይ ሰጥቶ እስኪረፍድ ተኛ። ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ ደሃ ተማሪ ነኝ እያለ መንገዱን ቀጠለ። ውሸትም አልነበረም።

ቢያዝ የጠፋ ወታደር ቅጣት ቀላል አይደለም። ባያመልጥ ደግሞ ዕድሜውን ጠመንጃ ተሸክሞ ይጨርስ ነበር፤ ስሙን የሚያነሳ ዩኒቨርሲቲም አይኖርም።

ማርቡርግ ተመልሶ ክረምቱን ከኤልሳቤት ጋር ከረመ። ለአካዳሚው ረጅም ደብዳቤ ጻፈ፤ ከሄንከል ጋር የተጣላበትን አንድ በአንድ አስረዳ። ስለ ሚስቱ ግን አላነሳም። አካዳሚው መመለሻ ገንዘብ ላከለት፤ በ1741 ሰኔ ፒተርስበርግ ገባ። በመርከብ ሲመለስ አባቱ በልጅነቱ ማዕበል ከጣላቸው ደሴት ላይ ሞቶ በሕልሙ አየ። ሲደርስ ጠየቀ፤ አባቱ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ አልተመለሰም። ደሴቲቱን ጠቁሞ ለአገሩ ሰዎች ላከ፤ አስከሬኑም እዚያ ተገኘ። ይህንንም ያወጋው ለሽቴሊን ነው። ማመኑን ለእናንተ ትተናል።

ጓደኛው ቪኖግራዶቭስ? እሱም ተመልሶ ሩሲያ ውስጥ የመጀመሪያውን የሸክላ ፖርሴሊን ምስጢር በራሱ ሙከራ አገኘ። መጠጡ ግን አልለቀቀውም። አለቆቹ እንዳይጠፋ በሰንሰለት እስከማሰር ደርሰው፣ በ1758 በጎልማሳነቱ ሞተ። ከማርቡርግ ማምሻዎች አንዱ ጨርሶ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ኤልሳቤት ደግሞ ማርቡርግ ቀርታለች። እሱ ሲሄድ እኔ እስክጽፍልሽ እንዳትጽፊ ብሏት ነበር። ጠበቀች። በ1741 መጨረሻ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁ ወር ከምናምን ሆኖት ሞተ። አሁንም ደብዳቤ የለም። ከ2 ዓመት ዝምታ በኋላ እዚያው ሄግ ላሉት፣ ባሏን ለመርዳት እንቢ ላሉት አምባሳደር ደብዳቤ ጽፋ ባሌን አፈላልጉልኝ አለች። ደብዳቤው እጅ በእጅ ዞሮ ፒተርስበርግ ደረሰ፤ ለሎሞኖሶቭ ያደረሰው ሽቴሊን ነው። ባለቤቱ መሆኗን የዚያን ቀን አመነ። ያልጠራት ማኖሪያ ስላልነበረው እንደሆነ ተናገረ፤ የጉዞ ገንዘብም ላከላት።

ምክንያቱ እውነት ነው፣ ደሞዙ እንኳ በቅጡ አይከፈለውም ነበር። ግን አንድ መስመር መጻፍ ስንት ያስወጣል?

በ1743 ኤልሳቤት ከወንድሟ ጋር ፒተርስበርግ ገባች። ባሏ በዚያው ዓመት፣ የአካዳሚውን ሰዎች ተሳድበሃል ተብሎ ለወራት በቁጥጥር ሥር ነበር። ደሞዙም በግማሽ ተቆርጧል። እዚያው ኑሮ ጀመሩ። ካደጉት ልጆቻቸው የተረፈችው አንዲት ኤሌና ናት፤ የእሷ ልጅ ራየቭስኪ የሚባል ጄኔራል አገባች፤ ያ ቤተሰብ ደግሞ በ1820 ከቅድመ አያቱ ከአፍሪካ የሆነውን ወጣቱን ፑሽኪንን ይዞ ካውካሰስና ክራይሚያ የዞረው ነው። ሎሞኖሶቭ በ1765 ሞተ። ኤልሳቤት በሚቀጥለው ዓመት ተከተለችው።