የንግሥት ቪክቶሪያ አሻንጉሊቶች፦ ከኬንሲንግተን እስከ እንደርታ

አሻንጉሊትን በዘመኑ ፋሽን አልብሶ መሰብሰብ፣ ስም ማውጣትና በመዝገብ ማስፈር ዛሬ በብዙ አገሮች የጎልማሶች ሥራ ሆኗል። ሰብሳቢዎች አሻንጉሊቶቻቸውን የአገር ስም የተጻፈበት መታጠቂያ እያስታጠቁ እንደ ቁንጅና ተወዳዳሪ በፎቶግራፍ ያወዳድራሉ። ልማዱ የፋብሪካ ዘመን ውጤት ቢመስልም ሥሩ ከዚያ በጣም የራቀ ነው። ፕላስቲክ ከመታወቁ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የፓሪስን አዲስ ቀሚስ ለሌሎች ቤተ መንግሥታት የሚያሳየው በለበሰ አሻንጉሊት ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ተመዝግቦ የተገኘው የአንድ ልጅ ስብስብ ደግሞ በኋላ የብሪታንያ ንግሥት የሆኑት የቪክቶሪያ ነው። ስማቸው በኢትዮጵያ የሚነሣው ከአፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ፣ ከመቅደላ ዘመቻና ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ነው እንጂ ከአሻንጉሊት ጋር አይደለም። ሁለቱ ነገሮች ግን አንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያሉ ናቸው፤ የኋለኛውም ታሪክ ወደ እንደርታ ያደርሳል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪክቶሪያ ሜይ 24 ቀን 1819 ለንደን በሚገኘው የኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት ተወለደች። አባቷ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አራተኛ ወንድ ልጅ፣ የኬንት መስፍን ኤድዋርድ ነበር፤ የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ሞተ። እናቷ ከጀርመን የሳክስ ኮቡርግ መሳፍንት ወገን የሆነች፣ በባዕድ አገር ዕዳ ተጭኗት የቀረች መበለት ነበረች። የቤቱን ሥራ የሚመራው ሰር ጆን ኮንሮይ ይህን ክፍተት ተጠቀመበት። ልጅቱ አካለ መጠን ሳትደርስ ብትነግሥ ሥልጣኑ በሞግዚትነት በእናቷ እጅ፣ በእናቷም በኩል በእርሱ እጅ እንደሚገባ አስቦ ነበር። ለዚህም በታሪክ የኬንሲንግተን ሥርዐት ተብሎ የሚታወቀው አስተዳደግ ተዘረጋ። ልጅቱ እስከ ነገሠችበት ቀን ድረስ የምትተኛው በእናቷ መኝታ ክፍል ውስጥ ነበር። ሰው እጇን ሳይዝ ደረጃ መውጣትም መውረድም አይፈቀድላትም ነበር። ከእኩዮቿ ጋር የምትጫወትበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር፤ የምትወዳት የእናቷ ልጅ ፌዮዶራ ደግሞ በ1828 ተድራ ወደ ጀርመን ሄደች።

በዚህ ቤት ውስጥ የልጅቱ እውነተኛ ወገን ሞግዚቷ ሉዊዘ ሌዘን ነበረች። የሃኖቨር ሰው ናት፤ የሉተራዊ ቄስ ልጅ። ጥብቅና ቁጡ ብትሆንም ለኮንሮይ አልተንበረከከችም። ልጅቱ ለዙፋኑ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነች የተረዳችው በ1830፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሌዘን በታሪክ መጽሐፏ መካከል ያስቀመጠችውን የነገሥታት የትውልድ ሐረግ ባየች ጊዜ እንደሆነ ይተረካል። የአሻንጉሊቶቹ ሥራ የሚበዛበት ዘመን ከ1831 እስከ 1833 ያለው ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ብዙ የሕይወት ታሪኮች አሻንጉሊቶቹን የሕፃንነት ጨዋታ ብለው ቢያልፏቸውም፣ ልጅቱ ቤተ መንግሥት በእንጨት መሥራት የያዘችው ቤተ መንግሥት እንደሚጠብቃት ካወቀች በኋላ ነው።

አሻንጉሊቶቹ በራሳቸው ውድ አልነበሩም። በአልፕስ ተራሮች በግሮደን ሸለቆ የገጠር ጠራቢዎች ከሚሠሯቸው፣ በገበያ ማንም ሊገዛቸው ከሚችል፣ ክንድና እግራቸው በትናንሽ የእንጨት ችንካር ከሚያያዝ ዓይነት ነበሩ። ቁመታቸው ከሰባት እስከ ሃያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አፍንጫቸው ሹል፣ ፀጉራቸው በጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጉንጫቸው የቀላ ነው። ያለ ልብስ ሲታዩ አንዱን ከሌላው መለየት ያዳግታል። ልዩነቱን የሚሰጠው ልብሱ ነበር፤ የሥራውም ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ132ቱ አሻንጉሊቶች 32ቱን ያለበሰችው ልጅቱ ራሷ ናት፤ የተቀሩትን በአብዛኛው ሌዘን አልብሳቸዋለች። ሐር፣ ሳቲን፣ ዳንቴልና ጥብጣብ ጥቅም ላይ ውሏል። ስፌቱ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ጣት በማያክሉ መሐረቦች ላይ ሳይቀር ጥልፍ አለ። በዘመኑ መርፌ ሥራ የማንኛዋም የጨዋ ልጅ ትምህርት ስለነበር ሙያው ብቻ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ትዕግሥቱ ነው።

ከልብሱ ይልቅ ለተመራማሪ የሚጠቅመው ግን ደብተሩ ነው። ልጅቱ የአሻንጉሊቶቿን ዝርዝር በአንድ ደብተር ይዛ ነበር። የእያንዳንዷ ስም፣ ማን እንዳለበሳት፣ የምትወክለው ሰው ወይም የመድረክ ገጸ ባሕርይ ተጽፎበታል። ከፊሎቹ የቤተ መንግሥት እመቤቶች ናቸው። ከፊሎቹ ደግሞ ልጅቱ በለንደን ቲያትር ቤቶች ካየቻቸው የኦፔራና የባሌ ዳንስ ትርኢቶች የወጡ ናቸው፤ የዘመኑ ዝነኛ ዳንሰኛ ማሪ ታልዮኒ በመካከላቸው አለች። ከዋልተር ስኮት ልብ ወለድ ኬኒልወርዝ ታሪክ የተወሰዱትም የሌስተር መስፍንና ኤሚ ሮብሳርት አሉ። ወንዶቹ በጣም ጥቂት ናቸው። እመቤትና ዳንሰኛ በአንድ ዝርዝር እኩል መስፈራቸው፣ በእውነተኛው ቤተ መንግሥት የማይታሰብ በመሆኑ፣ ከሁሉ ይልቅ የልጅቱን ፈቃድ የሚያሳይ ነው። ከመኝታ ክፍሏ እንኳ ብቻዋን የማትወጣ ልጅ ማን ወደ አዳራሿ እንደሚገባ የምትወስንበት ቦታ ይህ ደብተር ብቻ ነበር።

ለአሻንጉሊቶቹ ችንካር የተተከለበት ረጅም ሳንቃ ተዘጋጅቶ ነበር። እግራቸው በችንካሩ ላይ ሲሰካ በረድፍ ይቆማሉ፤ ልጅቱም የቤተ መንግሥት አቀባበልን በእነርሱ ትለማመድ ነበር። ማን ከማን ቀድማ እንደምትቆም፣ የማን ልብስ ከማን እንደሚልቅ የሚታይበት ሰልፍ ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች በቁንጅና ውድድር መድረክ የሚደረድሯቸው አሻንጉሊቶች የሚከተሉት ይህንኑ ሥርዐት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ልዩነቱ የኬንሲንግተኗ ዳኛ አንዲት ብቻ መሆኗ፣ እርሷም አንድ ቀን እውነተኛውን ሰልፍ እንደምትቀበል ማወቋ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል አሻንጉሊቶቹ ወደ ሣጥን ገቡ። ከ1832 ጀምሮ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ጀምራ ነበርና የመመዝገብ ልማዱ ከደብተር ወደ ደብተር ተሻገረ እንጂ አልቆመም፤ እስከ ሞት ዋዜማ ድረስም ዘልቋል።

ጁን 20 ቀን 1837 አጎታቸው ዊልያም አራተኛ ሲሞቱ ቪክቶሪያ በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ነገሡ። ከመጀመሪያ ትእዛዞቻቸው አንዱ አልጋቸው ከእናታቸው ክፍል እንዲወጣ ማድረግ ነበር። ኮንሮይ ያሰበው ሞግዚትነት በአንድ ወር ገደማ አመለጠው፤ ንግሥቲቱ አካለ መጠን የደረሱት ሜይ ላይ ነበርና። በ1840 ልዑል አልበርትን አገቡ። አልበርትና ሌዘን አልተስማሙም፤ ሌዘን በ1842 በጡረታ ወደ ጀርመን ተመለሰች። አሻንጉሊቶቹን አብራ የሰፋችው ሴት በዚህ ሁኔታ ከንግሥቲቱ ሕይወት መውጣቷ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚገባውን ያህል አልተጤነም። ዘጠኝ ልጆች ተወለዱ፤ አልበርትም በዲሴምበር 1861 ሞተ። ንግሥቲቱ የሟቹ ክፍሎች እንደነበሩ እንዲቆዩና ልብሱም በየዕለቱ እንዲዘረጋ አዘዙ። ዕቃን ከነቦታው፣ ከነስሙና ከነልብሱ የማቆየት ዝንባሌያቸው ከኬንሲንግተን ጀምሮ የሚታወቅ ነው።

በዚህ ረጅም ዘመነ መንግሥት በብሪታንያ ጦርነቶችና ግዛት ማስፋፋት ምክንያት ከወገናቸው የተለዩ ልጆች ወደ ንግሥቲቱ ፊት ይቀርቡ ነበር። በ1850 ከዳሆሜ የመጣችው ሳራ ፎርብስ ቦኔታ፣ በ1852 ክርስትና ስትነሣ ንግሥቲቱ የክርስትና እናት የሆኑላት የኩርግ ልዕልት ጎራማ፣ ከፑንጃብ ዙፋን የወረደው ዱሊፕ ሲንግ የሚጠቀሱ ናቸው። ምስላቸው በአገራቸው ልብስ ወይም በአውሮፓ ልብስ ተሥሏል፣ ፎቶግራፍም ተነሥቷል። ንግሥቲቱ ልጆቹን እንደ አሻንጉሊት ሰበሰቡ ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ሊጠረጠር ይገባል። ፍቅራቸው እውነተኛ እንደነበር ማስታወሻዎቻቸው ያሳያሉ። ጥያቄው ፍቅሩ ለልጆቹ ምን አደረገላቸው የሚለው ነው፤ ለዚህም ከሁሉ ይልቅ የሚመረመረው የዓለማየሁ ታሪክ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥቲቱ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጥቶ መቅረቱ፣ ከዚያም የአውሮፓውያኑ መታሰርና የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ የታወቁ ናቸው። ጦሩ ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፈና በአዲግራት በኩል የእንደርታን ደጋ አቋርጦ አንጣሎ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ መቅደላ ወጣ። አምባው ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤና የሰባት ዓመት ልጃቸው ዓለማየሁ ከሚመለሰው ጦር ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። እቴጌይቱ ግን ታመው በሜይ አጋማሽ እንደርታ ውስጥ ዐረፉ፤ ከቁሓ ብዙ በማይርቀው በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ጨለቆት የራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በ1810፣ ሄንሪ ሶልት የተባለው መልእክተኛ ከጆርጅ ሦስተኛ የተላከ ስጦታ ይዞ የመጣው ወደዚያው ነበር። የቪክቶሪያ አያት ስጦታ የገባበት ደብር የዓለማየሁ እናት መካነ መቃብር ሆነ።

ልጁ በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት ባሕር ተሻግሮ በጁላይ 1868 በዋይት ደሴት በሚገኘው የኦዝቦርን ቤት ለንግሥቲቱ ቀረበ። ንግሥቲቱ ወደዱት፤ ስለ መልኩና ስለ ጠባዩም በማስታወሻቸው ጻፉ። በዚያው ወር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺ ልጁን በኢትዮጵያ ልብስ፣ ብቻውንም ከስፒዲ ጋርም፣ አነሣችው። ስፒዲ ራሱ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ጋሻ ይዟል። እንግሊዛዊው ልብሱን ሲያወልቅ መኮንን ነው፤ ልጁ ግን ሲያወልቀው ማን እንደሚሆን ሌሎች ይወስኑለት ነበር። ዓለማየሁ ከስፒዲ መለየት እጅግ ይፈራ ነበር፤ ንግሥቲቱም እንዲለያዩ አልፈለጉም። መንግሥት ግን ሌላ ወሰነ። ከ1872 ጀምሮ በቼልተንሃም፣ ቀጥሎ በራግቢ፣ በመጨረሻም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት እንዲማር ተደረገ። አንዱም አልተስማማውም። ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በሊድስ አጠገብ በሄዲንግሊ በሳንባ ሽፋን ብግነት ሞተ፤ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ነበር፣ ቪክቶሪያ የነገሡበት ዕድሜ። በእርሳቸው ፈቃድ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ ተቀበረ። ብቻውን፣ ዘመድ በሌለበት አገር መሞቱ ንግሥቲቱን በጥልቅ እንዳሳዘነ ጽፈዋል። እዚህ ላይ የሚታየው የቤተ መንግሥቱ ጭካኔ አይደለም፤ ማንም ሳይጨክንበት አንድ ልጅ ያለ ወገን መቅረቱ ነው።

የእናቱ ልብስም የራሱ መንገድ አለው። እቴጌ ጥሩወርቅ የለበሱት የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ከጌጦቻቸው ጋር ወደ ለንደን ተወስዶ በ1869 ለደቡብ ኬንሲንግተን ቤተ መዘክር ተሰጠ፤ ይህም ዛሬ የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የሚባለው ነው። ቀሚሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ገባ። ቤተ መዘክሩ የሚገኘው የአሻንጉሊቶቹ ደብተር ከተጻፈበት ቤተ መንግሥት በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው።

አሻንጉሊቶቹ ከሣጥን ወጥተው በሕዝብ የታወቁት ንግሥቲቱ ከሰባ ዓመት ካለፉ በኋላ ነው። ፍራንሲስ ሎው የተባለች ጸሐፊ በ1892 በስትራንድ መጽሔት ጽሑፍ አወጣች፤ በ1894ም በአላን ራይት የቀለም ሥዕሎች የታጀበ መጽሐፍ አሳተመች። ሥራው የተሠራው በንግሥቲቱ ዕውቅና ነበር። ከስልሳ ዓመት ገደማ በኋላም ስሞቹና ሰፊዎቹ ተለይተው ሊታወቁ የቻሉት ደብተሩ በመኖሩ ነው። በማይመዘገብ የሕፃናት ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ይህ ብርቅ ነው፤ የእንደርታ ሴቶች ልጆች ከጨርቅና ከአገዳ የሚሠሯቸው አሻንጉሊቶች ማን እንዳለበሳቸው የሚናገር ደብተር የለም።

ንግሥት ቪክቶሪያ የመጨረሻ ዝርዝራቸውን የጻፉት ለሬሳ ሣጥናቸው ነው። ነጭ ልብስና የሠርጋቸው ዐይነ ርግብ እንዲለብሱ፣ የአልበርት ካባ፣ ከጀሶ የተቀረጸ የእጁ ምስል፣ ፎቶግራፎችና ቀለበቶች አብረዋቸው እንዲቀመጡ አዘዙ። ጃንዋሪ 22 ቀን 1901 በኦዝቦርን ሞቱ። ሁሉም እንዳዘዙት ተደርጎ ከዓለማየሁ መቃብር ብዙም በማይርቀው በዊንዘር በፍሮግሞር ከባላቸው አጠገብ ተቀበሩ።